በስሙ በሽታ የተጠራለት ሐኪም

እ.ኤ.አ. በ1957 ካምፓላ በሚገኘው ሙላጎ ሆስፒታል አንድ ሕፃን ፊቱ አብጦ መጣ። ሐኪሙ ሂው ትሮዌል ግራ ቢገባው የቀዶ ሕክምና ባልደረባውን ዴኒስ በርኪትን ጠራው። እብጠቱ ከላይም ከታችም፣ ከቀኝም ከግራም መንጋጋውን ይዞታል። ኢንፌክሽን እንዳይባል በአራቱም በኩል ነው፤ ዕጢ እንዳይባል ደግሞ እንዲህ ያለ ዕጢ በርኪት አያውቅም። ፎቶ አነሳው፤ ነገሩ ግን አልገባውም። ከሳምንታት በኋላ ጂንጃ ሆስፒታል ሆኖ በመስኮት አሻግሮ ሲያይ፣ ሣር ላይ ከእናቱ ጋር የተቀመጠ ሌላ ልጅ ፊቱ ልክ እንደዚያኛው አብጧል። አንዱ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ግን መዝገብ ያስገልጣል።

በርኪት የ38 ሕፃናትን ታሪክ ሰብስቦ በ1958 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ሰርጀሪ አሳተመ። የሰማው ጥቂት ነበር። ጆርናሉን የሚያነቡት ቀዶ ሐኪሞች ናቸው፤ የካንሰር ተመራማሪዎች ሌላ ነገር ያነባሉ።

ዛሬ የአንድ ተመራማሪ ክብደት በአብዛኛው የሚለካው ሌሎች ሥራውን ስንት ጊዜ ጠቀሱት በሚል ቆጠራ ነው። ዩጂን ጋርፊልድ የሳይንስ ጥቅሶችን መዝገብ በ1964 በይፋ ጀመረ፤ በ2005 ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ኤች-ኢንዴክስን አመጣ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ እያንዳንዳቸው 20 ጊዜና ከዚያ በላይ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያሉት ሰው ኤች-ኢንዴክሱ 20 ነው። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በሕይወቱ ሦስት ጽሑፍ ብቻ የጻፈ ሰው እያንዳንዱ አሥር ሺህ ጊዜ ቢጠቀስለትም ቁጥሩ ከ3 አይዘልም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ይህ መለኪያ ትጋትን ይቆጥራል እንጂ ግኝትን አይመዝንም።

የበርኪትን ሥራ ያስነሳው ጥቅስ ሳይሆን ንግግር ነው። በማርች 1961 ለንደን በሚድልሴክስ ሆስፒታል ስለ ዕጢው ሲናገር፣ የዶሮ ዕጢ የሚያስከትል ቫይረስ ሲያጠና የኖረው አንቶኒ ኤፕስታይን ከአድማጮቹ መካከል ነበር። በሽታው ቦታ የሚመርጥ ከሆነ ከጀርባው የሚተላለፍ ነገር ይኖራል ብሎ ጠረጠረ።

በርኪት በበኩሉ ያን ዓመት በ250 ፓውንድ ባገኛት አሮጌ ፎርድ መኪና ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ወደ ደቡብ ወረደ። በአሥር ሳምንት 16,000 ኪሎ ሜትር ግድም ተጓዙ፤ በየሆስፒታሉ እየገቡ ፎቶውን እያሳዩ «ይህን አይታችኋል?» እያሉ ጠየቁ። ቆላው ላይ አዎ፣ ደጋው ላይ አላየንም የሚል መልስ በረከተ። በምድር ወገብ አካባቢ በሽታው 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ይቆማል፤ ወደ ደቡብ ሲወረድ ግን ወሰኑም አብሮ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ቁም ነገሩ ከፍታው ሳይሆን ሙቀቱና ዝናቡ ነው፤ ሙቀትና ዝናብ ባለበት ደግሞ ትንኝና ወባ አለ።

ከኡጋንዳ በአውሮፕላን ይላኩ የነበሩት የዕጢ ናሙናዎች ለኤፕስታይን ሁለት ዓመት ያህል ምንም አልሰጡትም። በዲሴምበር 1963 ግን አንዱ በረራ በጉም ምክንያት ማንችስተር አርፎ ናሙናው ዘግይቶ ለንደን ደረሰ። ፈሳሹ ደፍርሷል። ባክቴሪያ ገብቶበታል ተብሎ ሊደፋ ሲችል፣ ኤፕስታይን ጠብታ ወስዶ በማይክሮስኮፕ አየው፤ ያደፈረሰው ባክቴሪያ ሳይሆን ከዕጢው ተላቀው የሚንሳፈፉ ሕያው ሴሎች ነበሩ። ከእነዚህ ሴሎች ቫይረሱ ተገኘ። ኤፕስታይን፣ በርት አቾንግና ኢቮን ባር በ1964 በላንሴት ያወጡት ዘገባ ሁለት ገጽ ነው፤ የሰውን ካንሰር ከቫይረስ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ያገናኘ ሁለት ገጽ። ኤፕስታይን-ባር የተባለው ይህ ቫይረስ ዛሬ ከአሥር አዋቂዎች በዘጠኙ ውስጥ አለ። ካንሰር ለመሆን ግን ሌላም ያስፈልገዋል፤ በአፍሪካ ሕፃናት ላይ ዋናው ተባባሪ ተደጋጋሚ ወባ ነው።

ሶሺዮሎጂስቱ ሮበርት መርተን አንድ ግኝት የሁሉ እውቀት ሲሆን የባለቤቱን ጽሑፍ የሚጠቅስ እንደሚጠፋ አስተውሎ ነበር። የ1958ቱም ጽሑፍ ዕጣ ይኸው ነው። ዛሬ አንድ የፓቶሎጂ ሐኪም ስላይዱን ከማይክሮስኮፑ ሥር ሲያደርግ ጥቅጥቅ ባሉ ጥቁር ሴሎች መካከል እዚህም እዚያም ነጣ ነጣ ያሉ ሴሎች ያያል፤ ባለሙያዎች «ከዋክብት የሞሉት ሰማይ» ይሉታል። ቅጹ ላይ «በርኪት ሊምፎማ» ብሎ ይጽፍና ወደሚቀጥለው ስላይድ ያልፋል። የትኛውም ቆጠራ ውስጥ አይገባም።