የፑል ዱላ ከማሠራትዎ በፊት ልክዎን ይወቁ

ገበሬ ለዶማው እጀታ ሲመርጥ ቁመቱንና የእጁን ልክ ያያል። የፑል መምቻ ዱላም እንዲሁ ነው። በትእዛዝ የሚሠራ ዱላ ከተዘጋጀው ስለሚወደድ፣ ከክፍያ በፊት የራስን አጨዋወት ማወቅ ይገባል።

የተለመደው ዱላ ርዝመቱ 147 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ክብደቱ ከ510 እስከ 600 ግራም ይደርሳል። ነጯን ኳስ በሚነኩበት ቅጽበት የኋላ እጅዎ ከክርን በታች ቀጥ ብሎ ካልወረደ፣ አያያዝዎን ያስተካክሉ፤ ካልተሳካም ርዝመቱን ይለውጡ።

ኳሷን ከመሐል ውጭ መትቶ ማሽከርከር ለሚወድ ተጫዋች 12 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን ጫፍ ይመቻል፤ መሐሏን ለሚመታ ጀማሪ ግን 13 ሚሊ ሜትር ይሻላል። ለስላሳ የቆዳ ጫፍ ኳሷን ለማሽከርከር ያግዛል፤ ነገር ግን ቶሎ ያልቃል። ጠንካራው ረዘም ላለ ጊዜ ቅርጹን ይጠብቃል።

ስለዚህ በመጫወቻ ቤቱ ያሉትን ዱላዎች ለጥቂት ሳምንታት ይሞክሩ። የተስማማዎትን በሚዛን ይመዝኑ፤ ርዝመቱንም ለክተው ለሠሪው ይስጡ። ሲረከቡ ጠረጴዛው ላይ ያንከባልሉት፤ እየዘለለ ከሄደ ጎብጧል ማለት ነው። እንጨት በፀሐይና በእርጥበት ስለሚጣመም፣ ግድግዳ ላይ አስደግፈው አያቆዩት።