ስድስት ወሩ ከየት ይቆጠር?

«ራሴን ይወቅረኛል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ ሐሳብ በዝቶብኛል» የሚል የዋግ ኽምራ ገበሬ ከጤና ጣቢያ የራስ ምታት ክኒን ብቻ ይዞ ከተመለሰ ዋናው ጥያቄ ሳይነሣ ቀርቷል፦ ምን ደረሰብህ? መቼ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ፣ ከከባድ ገጠመኝ በኋላ ኑሮን መልሶ መያዝ አለመቻል ራሱን የቻለ የአእምሮ ጤና እክል ነው። ሰውየው ሐሳቡን ከደረሰበት ነገር ማላቀቅ ያቅተዋል፤ ሥራውም ቤቱም ይበደላል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ ይጀምራል፤ ገጠመኙ ካበቃ በስድስት ወር ውስጥ ይረግባል።

ሐዘን ሁሉ ግን ሕመም አይደለም። በአርባው የምታለቅስ ሴት ጤነኛ ናት፤ ሰልስቱም ሙት ዓመቱም ለእንባ ቦታ ሰጥተዋል። ባለሙያው መጠርጠር ያለበት የእርሻ ወቅት ደርሶ በሬ መጥመድ ያቃተውን፣ ልጆቿን ማጉረስ የተሳናትን ነው። ድባቴው በርትቶ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ ወይም ያየው ሰቆቃ አሁን እየሆነ ያለ ያህል ከተመላለሰበት፣ ሕመሙ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ይለያል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ መኖሩን ሁሉም በግልጽ ይጠየቁ፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይዘራም።

በዋግ አስቸጋሪው የወራቱ ቆጠራ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ ገባ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ሰዎች በሰቆጣና በዙሪያዋ ተጠለሉ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ1977ን ረሃብ የማይረሳ አገር እንደገና በድርቅ ተመታ። ምደባው ራሱ ገጠመኙ ካልቆመ እክሉ ከስድስት ወር ሊያልፍ እንደሚችል ይቀበላል። በመጠለያ ያለን ሰው «ጊዜው አልፏል» ብሎ ማሰናበት ስሕተት ነው። ረሃቡን ትቶ በክኒን ማባበልማ ይብሳል።

ድርጅቱ ለጠቅላላ ጤና ባለሙያዎች ያዘጋጀው መመሪያ ከአደጋ በኋላ በመጀመሪያው ወር ለሚታይ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ዳያዜፓምን የመሰለ ማረጋጊያ እንዳይሰጥ ይመክራል። የሚያዘው ማዳመጥን፣ የሚጨበጠውን ችግር አብሮ መፍታትን፣ ዘመድ ጎረቤትን ማቀራረብን ነው።

ለዚህ ጥያቄ ምቹ አጋጣሚ አለ፤ በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የተገባ ነው። ልጁ በሚመዘንበት ቀን እናቲቱም ስለ እንቅልፏና ስለ ሐሳቧ ትጠየቅ። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ የሚጠይቀውን የሚያውቅ፣ መልሱንም በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣና የሚሰማ ባለሙያ ግን የግድ ነው።