ለሹራብ ሥራ የሚሆን የበግ ጠጉር ክር አመራረጥ

በደጋው የአገራችን ክፍል፣ በተለይም በሰሜን ሸዋ በመንዝና በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ የበግ ጠጉር ከጥንት ጀምሮ እየተፈተለ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ሲሠራበት ኖሯል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትርና ከዚያም በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ለሚያድር ሰው የእነዚህ ልብሶች ጥቅም ማስረዳት አያሻውም። ይሁን እንጂ ለባና የሚስማማ ፈትል ለሹራብ ሁልጊዜ አይስማማም። ባና ከሌላ ልብስ በላይ ይደረባል፤ ሹራብ ግን አንገትንና ክንድን ይነካል፣ ይለጠጣል፣ ቶሎ ቶሎም ይታጠባል። አንድ ሹራብ የብዙ ምሽት ድካም ስለሚጠይቅ ክሩ መጥፎ ሆኖ ከተገኘ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳዝነው የባከነው ጉልበት ነው። ስለዚህ ክር ገዝተው ለሚሠሩ እናቶች፣ ፈትለው ለሚሸጡ ቤተሰቦችና እነርሱን ለሚረዱ የልማት ሠራተኞች እንዲጠቅም ይህ ጽሑፍ ተዘጋጅቷል።

በመጀመሪያ መታየት ያለበት የጠጉሩ ቅጥነት ነው። የጠጉር ውፍረት የሚለካው ማይክሮን በሚባል መለኪያ ሲሆን አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። በውጭ አገር ስመ ጥር የሆነው የሜሪኖ በግ ጠጉር አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ማይክሮን በታች ነው። ወደ 30 ማይክሮን የተጠጋ ወይም ያለፈ ጠጉር ሲበዛ ጫፉ ቆዳን እየወጋ ያሳክካል። ገዢው ማይክሮን መለኪያ ባይኖረውም አንገት አለው። በሥራ የሻከረ የእጅ ጣት ሻካራውን ከለስላሳው አይለይምና ክሩን ከአገጭ በታች ወይም በክንድ ውስጠኛ በኩል አድርጎ ጥቂት ጊዜ ማሸት ይበቃል።

የመንዝ በግ ጠጉር በጠቅላላው ሻካራ ነው። ይህን መደበቅ ለሻጭም ለገዢም አይጠቅምም። ነገር ግን ሁሉም አንድ ወጥ አይደለም። በአንዱ በግ ላይ ረጅምና ወፍራም የላይ ጠጉር፣ ከሥሩም አጠር ያለ ለስላሳ ጠጉር አብረው ይበቅላሉ። በመካከላቸውም የማይታጠፍ፣ ቀለም የማይቀበልና ከክሩ እየሾለከ የሚወጣ ድርቅ ያለ ጠጉር ይገኛል። ትዕግሥት ያላት ፈታይ ከመንደፏ በፊት ረጅሙን በእጇ እየሳበች ብትለይ ከዚያው ከአንዱ በግ ሁለት ዐይነት ክር ታገኛለች፤ ወፍራሙ ለባናና ለምንጣፍ፣ ለስላሳው ለሹራብ። የትከሻና የጎን ጠጉር ከሆድ፣ ከእግርና ከጭራ አካባቢ ጠጉር ይሻላል፤ የኋለኛው በጭቃና በፋንድያ የቆሸሸ፣ ጨጎጊት የተጣበቀበት ነውና። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዋሲ የተባለው ዝርያ ከእስራኤል መጥቶ በደብረ ብርሃን ከመንዝ በግ ጋር እንዲዳቀል ተደርጓል። የአዋሲም ጠጉር ቢሆን በአብዛኛው ለምንጣፍ የሚፈለግ ዐይነት ስለሆነ «የዲቃላ ነው» መባሉ ብቻ የክሩን ልስላሴ አያረጋግጥም።

ከሻካራነቱ ይልቅ ብዙ ሰው የማያስተውለው ችግር የጠጉሩ መሰበር ነው። ጠጉር በየቀኑ የሚያድገው በጉ ከሚበላው መኖ ነው። በበጋው መጨረሻ ሣር ሲጠፋ፣ ወይም በጓ በጉበት ትል ስትታመም፣ ወይም ከስታ ሳለች ግልገል ስታጠባ፣ በዚያ ወራት የሚያድገው የጠጉር ክፍል ይቀጥናል። በኋላ መኖው ቢሻሻልና ጠጉሩ ቢያገግም እንኳ ያ የቀጠነ ቦታ በመካከሉ እንደ ጠባሳ ይቀራል። በመንደፍና በመፍተል ጊዜ ሁሉም በዚያው ቦታ እየተበጠሰ አጫጭር ጠጉር ይሆናል። ከዚህ የተሠራ ሹራብ ክርኑ ላይ ቶሎ ይሳሳል፣ ደረቱም ትናንሽ እንክብል ያወጣል።

ጠጉሩን ሳይፈተል የሚገዛ ሰው ይህን በቀላሉ ይመረምራል። እርሳስ የሚያህል ቅንጣቢ ወስዶ ሁለቱን ጫፎች አጥብቆ ይያዝና ወጠር አድርጎ በጆሮው አጠገብ በጣቱ ይምታው። ደኅና ጠጉር እንደ ክራር ጅማት ድምፅ ይሰጣል፤ የታመመው እየተንጣጣ በመካከሉ ይበጠሳል። የተፈተለ ክር ከሆነ ደግሞ ጥቂቱን ፈትቶ የጠጉሮቹን ርዝመት ማየት ነው። አብዛኞቹ ከሦስት ጣት ስፋት ካነሱ ክሩ ለሹራብ አይመረጥም። አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የሸላቹ ነው፤ በደነዘ መቀስ አንዱን ቦታ ሁለት ጊዜ ሲቈርጥ ቁርጥራጭ ይበዛል።

አከራረሩም መታየት አለበት። ለድር የሚሆን ክር ጥብቅ ተደርጎ ይከርራል፤ ለሹራብ ግን ላላ ያለ፣ አየር የያዘ ክር ይበልጥ ያሞቃል። በጣም ከላላ ደግሞ ይበጠሳል። ነጠላ ፈትል ሹራቡን ወደ አንድ ጎን ስለሚያጣምመው ሁለት ነጠላ በተፈተሉበት ተቃራኒ አቅጣጫ አንድ ላይ ተገምደው ድርብ ቢሆኑ ይመረጣል። ለመሞከር ከልቃቂቱ አንድ ክንድ ያህል ስቦ ሁለቱን ጫፎች ማገናኘትና መካከሉን መልቀቅ ነው። ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ አከራረሩ ተመጣጥኗል፤ እርስ በርሱ ከተጠማዘዘ አልተመጣጠነም።

በገበያ ላይ «የበግ ጠጉር» እየተባለ አክሪሊክ የተባለው ሰው ሠራሽ ክር ይሸጣል። ጥቂት ቈርጦ ማቃጠል ይለየዋል። የበግ ጠጉር ቀስ ብሎ ይነድዳል፣ ከእሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፣ የተቃጠለ ቀንድ ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቅቃል። አክሪሊክ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ የማይደቅ ጠንካራ ጠብታ ይሆናል። ክሩ ድብልቅ ከሆነ ሁለቱም ምልክት ይታያል። አክሪሊክ ለማጠብ ስለሚቀል የሚወዱት አሉ፤ አያስነቅፍም። ሆኖም በበግ ጠጉር ዋጋ መግዛቱ ኪሳራ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ምድጃ ዳር ለሚቀመጡ ልጆች የሚያሠጋ ነው፤ ፍንጣሪ ቢያገኘው ነድዶ እየቀለጠ ቆዳ ላይ ይጣበቃልና።

በሚዛን ለሚገዛ ሰው ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። የበግ ጠጉር ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚሆን እርጥበት ይዞ እርጥብ መስሎ ላይታይ ይችላል። በደረቅ ፀሐይ ቀን፣ ሲዳሰስ የማይቀዘቅዝ ክር መግዛት ይሻላል። ቀለም የተነከረውን ረጥቦ በተጨመቀ ነጭ ጨርቅ አሽቶ ማየት ነው፤ ጨርቁን ካቀለመ አንገትንም ያቀልማል። የተፈጥሮ ጥቁርና ቡናማው ጠጉር ይህ ሥጋት ስለሌለበት እኛ እርሱን እንመርጣለን።

ሹራቡ ከመጀመሩ በፊት በየጎኑ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ቁራጭ መሥራት፣ ለብ ባለ ውሃና በለዘበ ሳሙና ሳያሹ ማጠብና አድርቆ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ፍል ውሃና ማሸት ጠጉሩን እርስ በርሱ ያጣብቁታል፤ ሹራቡም ለትልቅ ሰው ተሠርቶ ለሕፃን የሚበቃ ይሆናል። የአመድ ውሃም ጠጉሩን ይበላዋል።

መጠኑን በተመለከተ መካከለኛ ውፍረት ባለው ክር ለአንድ ዐዋቂ ሹራብ ከ500 እስከ 700 ግራም ይፈጃል። በእጅ የተፈተለ ክር ውፍረቱ ስለሚለያይ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው አሮጌ ሹራብ መዝኖ ማስላት የበለጠ ያዋጣል። አንድ ጊዜ ከተነከረው ቀለም በኋላ ያንኑ ማግኘት ስለማይቻል ጠቅላላው ክር በአንድ ቀን፣ ከ100 ግራም ትርፍ ጋር ቢገዛ መልካም ነው። የተረፈው ታጥቦና በደንብ ደርቆ፣ በተጠለፈ ንጹሕ የጥጥ ከረጢት ይቀመጥ። ብል የሚወደው ላብና ቅባት ያለበትን ጠጉር ስለሆነ በየወሩ አውጥቶ ማራገፍና ፀሐይ ላይ ማስጣት ያስፈልጋል።