ያነባል ወይስ ያዜማል?

«ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ ገበታውን የሚያንበለብል ልጅ ሁሉ ፊደል ለይቷል ማለት አይደለም፤ ዜማውን ብቻ ይዞት ሊሆን ይችላል። የአብነት መምህራን ለዚህ መላ አላቸው፤ አቡጊዳ፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በየእርምጃው ፊደሉም ድምፁም አብረው ይለወጣሉ። በቃል የተያዘው ተራ አያድንም፤ ዓይን መሥራት አለበት። ክፍል ውስጥ ፊደላቱን በካርቶን ላይ ጽፎ፣ ቆራርጦ ማደባለቅም ያንኑ ያደርጋል።

ፊደል መለየት ግን ብቻውን አይበቃም። ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» በዓሉ ሲሆን «ና» ይጠብቃል፤ «ገና አልመጣም» ሲባል ይላላል። ልጁ ይህን የሚያውቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነውና ቃላትን ነጥሎ ሰሌዳ ላይ መደርደር (ብዙዎቻችን የምንወደው ዘዴ) እዚህ ላይ አያዋጣም።