«ተባለ» ያለው ማን ነው?

በዚህ እትም ስለ ፊደል ገበታም ስለ ዓመት መዝጊያው ዝግጅትም አንጽፍላችሁም። የምንጽፍላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ስላለው ስልክ፣ በተለይ ደግሞ በየቤታችን ስላለው የቤተሰብ ግሩፕ ነው።

ብዙዎቹ ልጆቻችሁ በሳምንቱ ቀናት በሚማሩበት ትምህርት ቤት ኢንተርኔት ላይ ያገኙትን ነገር ማጣራት ይማራሉ። ማን ጻፈው? መቼ? ለምን? ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ግን እንግሊዝኛው ላይ ይቀራል። በአማርኛ የተጻፈ ነገር ሲመጣ «ይሄ የእማዬ ነው» ብለው ያልፉታል። እኛ ደግሞ አማርኛውን አቀላጥፈን እናነባለን፤ ማጣራቱን ግን በዘመናችን ያስተማረን የለም። አንድ ቤት ውስጥ ማንበቡ ከወላጅ ጋር፣ መጠየቁ ከልጅ ጋር ሆኖ ተለያይቶ ተቀምጧል ማለት ነው።

ከፍ ባለው ክፍል በዚህ ሰሞን ግስ ስናስተምር ይሄው ነገር ገጠመን። «አለ፣ አለች፣ አሉ» ሲባል ተናጋሪ አለ። «ተባለ» ሲሆን ግን ተናጋሪው ይጠፋል። ስለዚህ በቴሌግራም የሚዞሩትን ዜናዎች የሚመስል አጭር ጽሑፍ ራሳችን አዘጋጅተን ሰጠናቸውና «ተባለ፣ ተገለጸ፣ ታወቀ፣ ተሰማ» የሚሉትን ሁሉ አስምሩባቸው፣ ከዚያ አጠገባቸው ተናጋሪውን ጻፉ አልናቸው። «ታማኝ ምንጮች ጠቁመዋል» የሚለውም ነበረበት። አንዷ ተማሪ ወረቀቱን ብዙ ካየች በኋላ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ማንም አላለም'ኮ!» አለች። ያን ቀን ከዚያ በላይ ማስተማር አላስፈለገንም።

«ተባለ» ኃጢአት ነው ማለታችን አይደለም። ደህና ጋዜጣም ርዕሱ ላይ ይጠቀምበታል። ልዩነቱ ወደ ውስጥ ሲገባ የተናጋሪው ስም፣ ኃላፊነቱና ቀኑ መገኘቱ ነው። ርዕሱ «ተባለ» ብሎ ጽሑፉም በ«ተባለ» ካለቀ፣ ወሬ ነው። አባቶቻችን «ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ስም መጠቀሱ ብቻውንም አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና በጀመረበት ሰሞን በዩኒሴፍ ስም አንድ መልእክት በተለያዩ ቋንቋዎች ዓለምን ዞሮ ነበር። ሙቅ ውሃ ጠጡ፣ ፀሐይ ሙቁ፣ አይስክሬም አትብሉ፣ ቫይረሱ ሙቀት አይችልም ይል ነበር። ዩኒሴፍ ወዲያው መልእክቱ የእኔ አይደለም ብሎ አስተባበለ። የነጭ ሽንኩርቱንም ነገር ታስታውሳላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ጤናማ ምግብ ቢሆንም ከኮሮና እንደሚከላከል ማስረጃ የለም ብሎ ነበር። (ወጥ ውስጥ ግን ይግባ፤ እሱን ማንም አልከለከለም።)

ታዲያ ስምም አርማም ካላስተማመነ በምን እንለይ? እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማክግሩ አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። 10 በታሪክ ዶክትሬት ያላቸው ምሁራን፣ 25 የስታንፎርድ ተማሪዎችና 10 መረጃ ማጣራት ሥራቸው የሆነ ባለሙያዎች አንድ ዓይነት ገጾችን እንዲመዝኑ ተደረገ። ከምሁራኑም ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ እዚያው ገጽ ላይ ተቀምጠው ከላይ እስከ ታች እያነበቡ፣ ባማረ አርማና ስም ተሸወዱ። አጣሪዎቹ ግን ገጹን ገና እንዳዩት ትተውት ወጡ። ሌላ ገጽ ከፍተው «ስለዚህ ድርጅት ሌሎች ምን ይላሉ?» ብለው ፈለጉ፤ በአጭር ጊዜም እውነቱ ላይ ደረሱ። እኛ ከዚህ የወሰድነው ዲግሪ ከመሸወድ እንደማያድን ነው። መልእክቱን ደጋግሞ ከማንበብ ከመልእክቱ መውጣት ይሻላል። በአማርኛ ሲሆን ለምሳሌ ኢትዮጵያ ቼክና ሀቅቼክ ያጣሯቸውን ነገሮች ያወጣሉና እዚያ መፈለግ ይቻላል።

ፎቶ ከሆነ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡትና በጉግል ሌንስ ፈልጉት። ዛሬ ተነሣ የተባለው ፎቶ ከዓመታት በፊት፣ አንዳንዴም ከሌላ አገር የተነሣ ሆኖ ይገኛል። በጦርነቱ ዓመታት በየስልካችን ስንት ሥዕል እንደገባ፣ በዚያም የተነሣ ስንት ወዳጅ እንደተኳረፈ እዚህ ማንሣቱ አያስፈልግም። ደም የሚያፈላ ፎቶ ሲመጣ፣ ከመላክ በፊት ፎቶውን መፈለግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ዋትስአፕ ላይ ደግሞ ሁለት ቀስት ያለበት መልእክት ካያችሁ፣ ቢያንስ አምስት ጊዜ ከሰው ወደ ሰው ተላልፎ ነው የደረሳችሁ። የላከላችሁ ወንድማችሁ ቢሆንም የጻፈው እሱ አይደለም።

የልጆቻችን ችግር ሌላም አለው፤ ቀኑ። «ጥቅምት 3 ቀን 2013» የሚል ደብዳቤ ያየ ልጅ 2013ን በፈረንጁ ይቆጥረዋል። ደብዳቤው የተጻፈው ግን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 2020 ነው። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የሚለውንም ከምሽቱ ስምንት ያደርገዋል፤ ለእኛ ከሌሊቱ ሁለት ነው። እንግሊዝኛ ዜና ላይ አጣርቶ «ቀኑም ሰዓቱም አይገጥምም፣ ስለዚህ ውሸት ነው» ቢል አትፍረዱበት። እዚህ ላይ አጣሪው እናንተ ናችሁ። የወር ስም፣ የዘመን ልዩነቱን፣ የሰዓት አቆጣጠሩን ማስተማር የባህል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ይጠቅማል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ልጁ አጣርቶ ውሸት ሆኖ ቢያገኘውስ? አክስቱ በለጠፈችው ላይ፣ ሠላሳ ዘመድ እያየ፣ «ውሸት ነው» ብሎ ቢጽፍ ነውር ነው። በእንግሊዝኛ እንዲህ መጻፍ ለምዶ ይሆናል፤ በአማርኛ ግን ዘመድ ያስቀይማል። ዝም ይበል ማለትም አንችልም፤ አክስቱ ያንን መልእክት አምና መድኃኒቷን ብታቋርጥስ? ስለዚህ ክፍል ውስጥ የምናለማምዳቸው እንዲህ ነው፦ በግሩፑ ላይ ሳይሆን በግል፣ ቢቻል በድምፅ መልእክት፣ በአንቱታ። «እትዬ፣ ደህና ነዎት? ይሄን ማን ላከልዎት? እኔ ስፈልገው ሌላ ነገር አገኘሁ፤ ልላክልዎት?» ብዙ ልጆች «ነዎት» እና «ልላክልዎት» ላይ ምላሳቸው ይያዛል። ቤት ውስጥ አብራችሁ ብትለማመዱት ደስ ይለናል። አያት የልጅ ልጃቸው በአማርኛ ሲጠይቃቸው አይቆጡም፤ እንዲያውም መልእክቱን ረስተው ምርቃት ሲጀምሩ አይተናል።

ስለ ገንዘብም አንድ ነገር እንበል። የዘመድ አካውንት ተሰርቆ «ስልክሽ ላይ የመጣውን ኮድ ላኪልኝ» የሚል መልእክት ከደረሳችሁ፣ ኮዱን ለማንም አትስጡ። የእናንተም አካውንት የሚሄደው በዚያው ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 አጭበርባሪዎች በኮምፒውተር የዘመድን ድምፅ አስመስለው «ችግር ላይ ነኝ፣ ገንዘብ ላኩ» እንደሚሉ አስጠንቅቋል። ድምፁን ብታውቁትም ስልኩን ዝጉና በምታውቁት ቁጥር መልሳችሁ ደውሉ። ልጆቹም ይህን ይወቁ፤ ስልኩን መጀመሪያ የሚያነሱት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

ለሚመጣው ቅዳሜ ከፍ ላለው ክፍል የቤት ሥራ አለ። እያንዳንዱ ልጅ ከቤተሰብ ግሩፕ አንድ የአማርኛ መልእክት ይዞ ይመጣል። መልእክቱን አብራችሁ ምረጡ። የሰው ስምና ስልክ ቁጥር ካለበት ሸፍኑት፤ የሞተ ወይም የተጎዳ ሰው ፎቶ ያለበት አይሁን። «ለ10 ሰው ላኩ፣ በረከት ታገኛላችሁ» የሚለው ግን ይቻላል፤ እሱ አይጠፋም። ስልክ ወደ ክፍል ስለማይገባ በወረቀት ይታተም፤ ማተሚያ የሌላችሁ በእጅ ገልብጣችሁ ላኩ። ልጁ ራሱ ቢገለብጠው ደግሞ የጽሕፈት ልምምዱም ያን ሳምንት ተሠራ ማለት ነው።