ቁርጥማት ያለበት ሰው መቀመጥ ይገባዋልን?

ጉልበቱን፥ ወገቡን ወይም የእጁን አንጓ ቁርጥማት የሚያሠቃየው ሽማግሌ ወይም ባልቴት የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ልጆችም ወላጆቻቸውን ከመውደዳቸው የተነሣ «አይነሡ፤ እኛ እንሠራዋለን» ማለትን እንደ ታላቅ ምግባር ይቈጥሩታል።

እኛም በቤታችን ያደረግነው ይህንኑ ነበር። እናታችን ጉልበታቸውን በታመሙ ጊዜ ቡናውን ሌላ ሰው አፈላ፤ እህሉን ሌላ ሰው ለቀመ፤ እሳቸው ግን በደጃፍ ወንበር ተዘጋጅቶላቸው ፀሐይ እየሞቁ እንዲውሉ ተደረገ። ዓመት ሳይሞላ፥ ቀድሞ በምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይመለሱ የነበሩት እናት ከመኝታቸው እስከ ደጃፍ ለመድረስ የሰው ድጋፍ የሚሹ ሆኑ። ሕመሙ እውነተኛ ሕመም ነበር፤ ነገር ግን እግራቸውን ያደከመው ሕመሙ ብቻ ሳይሆን የእኛ ርኅራኄ ጭምር መሆኑን ያስተዋልነው ዘግይተን ነው። ስለዚህ ሌሎች ቤተ ሰቦች በዚህ ስሕተት እንዳይወድቁ፥ ስለዚህ ሕመም የተማርነውን ባጭሩ ልንጽፍ ወደድን።

በመጀመሪያ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በተለምዶ ቁርጥማት የምንለውንና ሐኪሞች አርትራይተስ የሚሉትን የመገጣጠሚያ ሕመም የሕክምና ሊቃውንት ከ100 በሚበልጥ ዐይነት ይከፍሉታል። ከእነዚህም ሁለቱ በብዛት ይታወቃሉ። አንደኛው በዕድሜ፥ በሰውነት ክብደትና በቀድሞ ጉዳት ምክንያት የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት እየሳሳ ሲሄድ የሚመጣ ነው፤ ይልቁንም ጉልበትን፥ ዳሌንና የእጅ ጣትን ያጠቃል። ሁለተኛው ሰውነትን ከበሽታ ሊጠብቅ የተሠራው ኀይል ተሳስቶ በገዛ መገጣጠሚያው ላይ ሲነሣ የሚመጣ ነው፤ ይህም ወጣቶችን ሳይቀር ያገኛል።

ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። ሰው ሲራመድ ልም አጥንቱ ይጨመቃል፥ መልሶም ይለቀቃል፤ በዚህም ጊዜ እንደ ሰፍነግ አሮጌውን ፈሳሽ ተፍቶ አዲሱን ይመጥጣል። ጉልበትንም ደግፎ የሚይዘው የጭን ጡንቻ ነው፤ ይህም ጡንቻ ሥራ ሲያጣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይከሳል። እንግዲህ የታመመውን ጉልበት ጨርሶ ማሳረፍ ምግቡን መከልከልና ዘበኛውን ማሰናበት ነው።

«እንቅስቃሴው ጉልበቱን ይበልጥ ይፈጨው እንደ ሆነስ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ይህን ለመመርመር በአሜሪካ አገር ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ጉልበታቸውን የታመሙ 439 ሰዎች ለ18 ወራት ተከታትለው ታዩ። አንደኛው ክፍል በእግሩ እንዲራመድ፥ ሁለተኛው ክብደት እያነሣ ጡንቻውን እንዲያጠነክር፥ ሦስተኛው ትምህርት ብቻ እንዲሰማ ተደረገ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. በታተመው ውጤት መሠረት የተራመዱትና ክብደት ያነሡት ሕመማቸው ቀንሶ፥ የዕለት ሥራቸውም ቀልሎ ተገኘ። ጥቅሙ መጠነኛ እንጂ ተአምር አልነበረም፤ ሆኖም በራጅ ሲታዩ ጉልበታቸው ትምህርት ብቻ ከሰሙት ይልቅ አልተጎዳም ነበር።

ይሁን እንጂ መራመድ እንደሚጠቅም ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ እያመመው ለሚያድር ሰው በማግሥቱ ተነሥቶ መራመድ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በካሊፎርንያ በሚገኘው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኬት ሎሪግ የተባሉ ነርስ ከሐኪሙ ከሃልስተድ ሆልማንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ አንድ ትምህርት ያዘጋጁት ይህን ችግር አይተው ነው።

ትምህርቱ በሳምንት አንድ ቀን፥ ሁለት ሰዓት ያህል፥ ለስድስት ሳምንት የሚሰጥ ነበር። የሚሰጠውም በሆስፒታል ብቻ ሳይሆን በአብያተ ክርስቲያናት አዳራሽ፥ በቤተ መጻሕፍትና አረጋውያን በሚሰበሰቡበት ስፍራ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው የአስተማሪዎቹ ነገር ነው። ሐኪሞች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ቁርጥማት ያለባቸው፥ ለዚህ ሥራ ጥቂት ቀን የሠለጠኑ ተራ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ሕመምተኛው «ምን ታውቃለህ፥ አንተ አላመመህ» ብሎ የሚመልስበት አፍ አልነበረውም።

በየሳምንቱ እያንዳንዱ ሰው ራሱ መርጦ አንድ ትንሽ ቃል ይገባል። «ከእንግዲህ ብዙ እራመዳለሁ» ማለት ቃል አይባልም፤ «ሰኞ፥ ረቡዕና ዓርብ ከቁርስ በኋላ እስከ ጎረቤቴ አጥር ደርሼ እመለሳለሁ» ማለት ግን ቃል ነው። ከዚህም በኋላ ይህን ለመፈጸም ያለው መተማመን ከ0 እስከ 10 ስንት እንደ ሆነ ይጠየቃል። ከ7 በታች ከሆነ ቃሉ ይቀለላል እንጂ ሰውየው አይወቀስም። በሚቀጥለው ሳምንት የሆነውን ለጓደኞቹ ይነግራል፤ ያልተሳካለትም ቢኖር ሌሎቹ በየራሳቸው ያገኙትን ዘዴ ያካፍሉታል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. በታተመ ምርመራ፥ ትምህርቱን ከተማሩ 4 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ሕመማቸው በአማካይ 20 በመቶ፥ ወደ ሐኪም መመላለሳቸው ደግሞ 40 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ነገር ግን በዚሁ ዘመን የአካላቸው መድከም 9 በመቶ ጨምሮ ነበር። ይህ አስተውሎ የሚነበብ ነገር ነው፤ በሽታው አልቆመም፥ ሥቃዩ ግን ቀነሰ። አስቀድመው መርማሪዎቹ እንቅስቃሴ ያበዛው ሰው ይበልጥ የሚሻለው መስሏቸው ነበር፤ ሲመረምሩት ግን የሁለቱ ግንኙነት ደካማ ሆነ። ይልቁንም የተሻላቸው በሕመማቸው ላይ ጥቂትም ቢሆን ሥልጣን እንዳላቸው ያመኑት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገር በተደረጉ ምርመራዎች የትምህርቱ ጥቅም አነስ ብሎ የተገኘበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ፈውስ ነው አንልም። የተቀመጠን ሰው የሚያስነሣ መንገድ ነው ማለት ግን ይቻላል።

ለቤተ ሰብ የሚጠቅሙትን ደንቦች እንጨምር። መጀመሪያው ጥቂት ይሁን፤ አምስት ደቂቃ መራመድ፥ ወይም ወንበር ይዞ አምስት ጊዜ መነሣትና መቀመጥ ለጀማሪ ይበቃል። ከእንቅስቃሴው የተነሣ የባሰው ሕመም ከሁለት ሰዓት በላይ ከቈየ ልኩ በዝቷልና በማግሥቱ ይቀነስ፤ ነገር ግን አይተው። ክብደት የበዛበት ሰው 1 ኪሎ ቢቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና እንደሚያነሣ ይወቅ። ስግደት የሚከብደው ሰው የንስሐ አባቱን ያማክር እንጂ ከቤተ ክርስቲያን አይቅር።

ነገር ግን እንቅስቃሴ መድኀኒትን አይተካም። መገጣጠሚያው በድንገት ያበጠ፥ የቀላና የጋለ፥ ትኩሳትም የያዘው ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ። ብዙ አንጓዎቹ አብጠው፥ ጧት ሲነሣ ጣቶቹ ለረጅም ጊዜ አልታዘዝ የሚሉትም ሰው እንዲሁ ያድርግ፤ ሁለተኛው ዐይነት ቁርጥማት በጊዜው መድኀኒት ካልተጀመረለት መገጣጠሚያውን ያበላሻልና።

እኛ ለመሰብሰብ እንግዶች አይደለንም። ዕድሩ፥ ማኅበሩና ሰንበቴው በየሰፈሩ አለ። ከማኅበርተኞቹ መካከል ጉልበታቸውን የሚያማቸው አራት ወይም አምስት ሰዎች ከጸሎቱና ከመስተንግዶው በኋላ ጥቂት ቈይተው፥ ማን ምን ቃል እንደ ገባና ምን እንደ ፈጸመ ቢጠያየቁ፥ ወጪው ምንድር ነው? ሐኪም የመከራትን ያልሰማች ባልቴት እንደ እርስዋ የታመመችው ጎረቤቷ «እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር፤ እንዲህ አድርጌ ተነሣሁ» ስትላት ትሰማ ይሆናል።

እኛም በመጨረሻ እናታችንን ምን ሊሠሩ እንደሚወዱ ጠየቅናቸው። ያን ያህል ስንደክምላቸው ይህን አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቀናቸው አናውቅም ነበር። ቡናውን ራሳቸው ሊቈሉ እንደሚሹ ነገሩን። ስለዚህ በየቀኑ ወንበር ይዘው እየተነሡ፥ መጀመሪያ እስከ ምድጃው፥ ቀጥሎም እስከ አጥሩ በር መሄድ ጀመሩ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት ጎረቤትም ከሳቸው ጋር ይራመዱ ጀመር። ጉልበታቸው አልዳነም፤ ብርድ ሲሆን ዛሬም ያማቸዋል። ወንበሩም ከደጃፍ አልተነሣም፤ ነገር ግን የሚቀመጡበት ሲደክማቸው እንጂ እኛ ተቀመጡ ስላልናቸው አይደለም።