በግን ከመኖሪያ ቤት ወደ ጉረኖ ማውጣት፦ ከብርዱ ይልቅ እርጥበት፣ ነፋስና ብቸኝነት ይጎዱታል

በደቡብ ጎንደር ዞን በሚገኙት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አካባቢዎች በግ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደሩ የቆየ ልማድ ነው። እናቱ የሞተችበት ግልገል በላም ወተት ከምድጃ ዳር ያድጋል፤ ለበዓል የታሰበ ሙክትም ከመደቡ አጠገብ ታስሮ ይቀለባል። ሌባው፣ ጅቡና ብርዱ አርሶ አደሩንም የከተማ ነዋሪውንም ያሰጉታል። በጉ ለማዳበሪያ፣ ለልጆች ደብተር ወይም ለሕክምና ወጪ የሚሸጥ ጥሪት በመሆኑ ስጋቱ ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ አብሮ ማደሩ ለሰውም ለእንስሳውም ጉዳት አለው። የሽንትና የበጠጥ ክምችት አሞኒያ የተባለ ጋዝ ያመነጫል፤ ጋዙ ከምድጃ ጭስ ጋር ተዳምሮ የበጉን ሳንባ ያዳክማል፣ ለሳንባ ምችም ያጋልጠዋል። በቤተሰቡ በኩል ቁንጫና ዝንብ ይበዛሉ። እንደ ብሩሴሎሲስ ያሉ ውርጃ የሚያስከትሉ በሽታዎችም ከእንስሳት ወደ ሰው ይተላለፋሉ። በተለይ ነፍሰ ጡር እናቶች በግ ከሚወልድበትና ከሚያስወርድበት ቦታ መራቅ ይኖርባቸዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የእንስሳትና የሰው ማደሪያ እንዲለይ የሚመክሩትም ለዚሁ ነው።

በግ ብርድን ይችላልን?

የደቡብ ጎንደር ደጋ የፋርጣ በግ ዝርያ መገኛ ነው። የጉና ተራራ ግርጌ ብርድ ለዚህ በግ እንግዳ አይደለም። ጤናማ በግ የሰውነት ሙቀቱ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ ደረቅ ጸጉሩ ሙቀቱን ይዞ ያቆይለታል። ጸጉሩ ሲረጥብና ነፋስ ሲገባበት ግን ይህ መከላከያ ይፈርሳል። ስለዚህ በጉን የሚገድለው በአብዛኛው ብርዱ ብቻውን ሳይሆን እርጥበት፣ ነፋስና ረሃብ ሲጨመሩበት ነው።

በግ ድርቆሽና ጭድ ሲመገብ መኖው በሆዱ ውስጥ ሲብላላ ሙቀት ይፈጥራል። በመሆኑም በውርጭ ወቅት ምሽት ላይ በቂ ድርቆሽ ማቅረብ ሌሊቱን እንደ ማልበስ ይቆጠራል። አዲስ የተወለዱ ግልገሎች፣ የከሱና የታመሙ በጎች ግን ይህ አቅም ስለሌላቸው ሳያገግሙ መውጣት የለባቸውም።

ጉረኖው ምን ይምሰል?

ለአንድ ትልቅ በግ 1 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ይበቃል። ወለሉ ውኃ የማይቋጥር፣ ተዳፋትነት ያለው ወይም በርብራብ እንጨት ከፍ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ላዩ ላይ የሚጎዘጎዘው የገብስ ጭድም በረጠበ ቁጥር ይቀየራል። ግድግዳው ከታች በድንጋይ ወይም በጭቃ በተመረገ እንጨት ይዘጋል። ከጣሪያው ሥር ግን አየር የሚወጣበት ክፍተት ይተዋል። በሩ ነፋስ ከሚመጣበት አቅጣጫ ተቃራኒ ይሆናል። እንደ ነፋስ መውጫ ባሉ፣ ስማቸው ራሱ ጠባያቸውን በሚናገር ከፍታዎች ላይ ይህ ሊዘነጋ አይገባም። በስማዳና በታች ጋይንት ቆላማ ቀበሌዎች ደግሞ ጥላ፣ ሰፋ ያለ የአየር መተላለፊያና የመዥገር ቁጥጥር ቅድሚያ ይሰጣቸዋል።

ጅብንና ሌባን ለመከላከል ጉረኖው የበጉ ድምፅ ከቤት በሚሰማበት ርቀት ይሠራል፤ መቆለፊያ ያለው ጠንካራ በርና የተከደነ ጣሪያም ያስፈልገዋል። ከውኃ ጉድጓድ መራቁም ግድ ነው። የሚጠረገው በጠጥ በአንድ ቦታ ተከምሮ ሲብላላ ለድንችና ለገብስ ማሳ ፍግ ይሆናል።

ብቻውን አይውጣ

በግ የመንጋ እንስሳ ነው። በቤት ውስጥ ያደገ በግ ሰዎቹን እንደ መንጋው ስለሚቆጥር ብቻውን ሲወጣ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል፣ ይንቆራጠጣል፣ መኖም ይተዋል። በመጮኹ ለአውሬ ይጋለጣል፤ ባለመብላቱ ደግሞ ይከሳል። መፍትሔው ጓደኛ መስጠት ነው። ሙክት ከሌላ ሙክት ወይም ከሴት በግ ጋር ይስማማል፤ ሁለት ያልተኮላሹ አውራዎች በጠባብ ቦታ ቢዘጉ ግን ተዋግተው ሊጎዳዱ ይችላሉ። ዓቅሙ ለማይፈቅድ ሰው ከታወቀ የጎረቤት መንጋ ጋር መደባለቅ ሌላው አማራጭ ነው።

ከገበያ የተገዛ በግ ግን ወዲያው መቀላቀል የለበትም። ከ2 እስከ 3 ሳምንታት ተለይቶ ሲቆይ ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ተቅማጥ፣ እከክ ወይም ማነከስ ካለበት ይታወቃል። ሁለቱም በጎች ከመገናኘታቸው አስቀድሞ የበግ ፈንጣጣ፣ የደስታ መሰልና የፓስቶሬሎሲስ ክትባት ያስፈልጋቸው እንደሆነ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጠየቅ ይገባል።

መቼና እንዴት?

ሐምሌና ነሐሴ ለዚህ አይመቹም። ክረምቱ ካበቃ በኋላ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሳይበረታ ጥቅምት ላይ መጀመር በጉን ቀስ በቀስ ከቅዝቃዜው ጋር ያላምደዋል። ጸጉሩም በዚህ ጊዜ መሸለት የለበትም።

በመጀመሪያው ሳምንት በጉ ቀን ቀን ከጓደኛው ጋር በጉረኖው ይውላል፤ ሲመሽ ወደ ቤት ይመለሳል። በሁለተኛው ሳምንት ሁለቱ አብረው ማደር ይጀምራሉ። መኖውም እንዲሁ በሂደት ይለወጣል። አተላና ንፍሮ የለመደ በግ በአንድ ጊዜ እርጥብ ለጋ ሣር ላይ ቢለቀቅ ሆዱ ሊነፋ ይችላል።

በጉ ተረጋግቶ ከጓደኛው አጠገብ ተኝቶ ሲያመሰኳ መላመዱን ያመለክታል። ከአንድ ቀን በላይ መኖ ከተወ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ ግን ወደ ደረቅና ሙቅ ቦታ መልሶ ሳይዘገዩ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።